«ምን አገባኝ» የሚሞትበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ሙግት ገጠምን። ወዳጄ ታሪክ ማንበብ የሚወድ፣ ያነበበውንም በሦስት ቃል መጠቅለል የሚያዘወትር ሰው ነው። «አየህ» አለኝ፣ ሲኒውን እያስቀመጠ፣ «የነፃነት ትግል የሚባለው ነገር እኮ እንቆቅልሽ የለበትም። ባዕድ ይመጣል፣ ይበድላል፣ ግፉ ይበዛል፣ ጽዋው ይሞላል፣ ሕዝብ ይነሳል። አለቀ።»

እኔ ደግሞ ነገር ካልጠመዘዝኩ ቡናው አይጥመኝም። «ጽዋው የሚሞላው በስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ግፍ ስለበዛ ብቻ ሕዝብ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ አንድም ባሪያ ባልኖረ፣ አንድም ቅኝ ግዛት ዐሥር ዓመት ባልዘለቀ ነበር። ሰው ግፍን ይለምዳል። ይባስ ብሎም የራሱን ግፍ ከጎረቤቱ ግፍ ጋር እያመዛዘነ «እኔስ ተመስገን ነው» እያለ ይኖራል። ወዳጄ ሳቀ፤ ነገሩም በሳቅ ተዘጋ። ለእኔ ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ አልተዘጋልኝም። ይህን የምጽፈው እሱን ለመርታት ብዬ አይደለም፤ ለራሴ መልስ ብሰጥ ብዬ ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ «አልገዛም» ማለት «ራሳችንን እናስተዳድር» ወደማለት የሚለወጠው መቼ ነው? አንድ ሰው ግብር አልከፍልም ብሎ ጫካ ሲገባ ሽፍታ ይባላል። አንድ ነገድ ግጦሼን አላስነካም ብሎ ጦር ሲሰብቅ ዐመፀኛ ይባላል። የሽፍታውና የዐመፀኛው እምቢታ ተጠራቅሞ የነፃነት ንቅናቄ የሚሆነው ምን ሲጨመርበት ነው?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ከሞያሌ ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን ኬንያን እመለከታለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንግሊዝ ያን አገር በ1895 «በጥበቃዬ ሥር ነው» ብላ ስታውጅ፣ ከሞምባሳ ተነስቶ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የደረሰውንም የባቡር ሐዲድ ስትዘረጋ እምቢ ባይ አልጠፋም። ናንዲዎች ዐሥር ዓመት ያህል ተዋግተዋል። መሪያቸው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ በ1905 ለድርድር በመጣበት ቦታ በእንግሊዝ መኮንን ጥይት ወደቀ። በባሕሩ ጠረፍ ያሉት ጊሪያማዎች በ1913 እና በ1914 ሜካቲሊሊ ዋ ሜንዛ በምትባል ሴት ቀስቃሽነት ወጣቶቻችንን ለጉልበት ሥራ አንሰጥም ብለው ተማማሉ። ሴትዮዋ ተይዛ ወደ አገሩ ምዕራብ ጫፍ ተጋዘች፤ ከዚያም አምልጣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

ጀግንነቱ ነበር። ንቅናቄ ግን ገና አልነበረም። ናንዲ ሲወጋ ማሳይ ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፎ ወግቶታል። የጊሪያማ መንደር ሲቃጠል ጭሱ ከተራራው ሥር ያለው ኪኩዩ ዘንድ አልደረሰም፤ ቢደርስስ ምን አገባው? ሁሉም የየራሱን በር ጠበቀ፤ ሁሉም በየተራው ተሰበረ። የባዕድ ገዥ ዋናው ምሽግ «ምን አገባኝ» የምትለዋ ቃል ናት ብል ማጋነን አይመስለኝም። መትረየስ ከእሷ ቀጥሎ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። ለሙ ደጋ ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጠ። ጥቁሩ በተከለለለት መሬት ታጨቀ። የጎጆ ግብር ተጣለበት፤ ግብሩን በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል ለነጩ ተቀጥሮ መሥራት ግድ ሆነበት፤ ከግብሩ ዓላማም አንዱ ይኸው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት አንስቶ ጎልማሳ የሆነ ጥቁር ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የሚባል፣ የጣት አሻራውና የቀጣሪዎቹ ቃል የሰፈረበት ወረቀት እንዲይዝ ተገደደ። ወረቀቱ በብረት ማኅደር ውስጥ ሆኖ እንደ ከብት ቃጭል አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። በ1921 ደግሞ ሰፋሪዎቹ የሠራተኛውን ደመወዝ በሢሶ ለመቀነስ ተስማሙ።

በዚያው ዓመት ሃሪ ቱኩ የሚባል፣ በናይሮቢ የመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበረ ወጣት ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩን ስም ልብ ይሏል። መጀመሪያ የወጣት ኪኩዩዎች ማኅበር ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ተባለ። የጥያቄዬ ግማሽ መልስ በዚህ የስም ለውጥ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቱኩ ከኪኩዩ ውጭ ያለውንም ሰው በደል የራሱ ጉዳይ አደረገው። በተለይ ሴቶችና ልጃገረዶች ለሥራ በግድ መነዳታቸውን በየስብሰባው አወገዘ።

ማርች 14 ቀን 1922 ተያዘ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም በፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ተሰበሰበ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሕዝቡ የተላኩ ተወካዮች ከባለሥልጣኑ ጋር ተነጋግረው «ተበተኑ» የሚል ቃል ይዘው ተመለሱ። ሰዉም መበተን ጀመረ። ይኸኔ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የምትባል ሴት ወደ ፊት ወጣች። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ገለበችና፣ ወንዶቹ ፈርተው ከሆነ ሱሪያቸውን ለእሷ ሰጥተው የእሷን ቀሚስ እንዲለብሱ ነገረቻቸው። በእነሱ ባህል ሴት ገላዋን ገልጣ ስትናገር ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ሕዝቡ ተመለሰ፣ ወደ በሩም ገፋ። ጥይት ዘነበ። በአቅራቢያው ባለ ሆቴል ሰገነት ላይ የነበሩ ነጮችም አብረው ተኩሰዋል ይባላል። መንግሥት 21 ሰው ሞተ አለ፤ ሌሎች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ያስበልጡታል። ሙቶኒ ከሟቾቹ አንዷ ነበረች።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ሕዝብ ስለ ኪፓንዴውም ስለ ደመወዙም መጮህ ይችል ነበር። በዚያ ቀን ደጃፉን ያጨናነቀው ግን ስለ አንድ የታሰረ ሰው ነው። የራስን በደል መቃወም ተፈጥሮ ነው፤ እባብም ሲረግጡት ይነድፋል። ስለ ሌላ ሰው በደል መቆም ግን ሰው አስቦ የሚገባበት ነገር ነው። ስለ ራሴ ግብር ስጮህ ገዥውን የምጠይቀው ግብሩን እንዲቀንስልኝ ነው፤ ቢቀንስልኝ አመስግኜ ልገባ እችላለሁ። ስለ አንተ መታሰር ስጮህ ግን «እኛ» የሚባል ነገር አለ ማለቴ ነው። «እኛ» ያለ ደግሞ ውሎ አድሮ የራሱን ቃል አቀባይ፣ የራሱን ዳኛ፣ የራሱን መንግሥት መሻቱ አይቀርም። በ1922 በዚያ ደጃፍ ነፃ መንግሥት የጠየቀ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን የነፃነት ንቅናቄ የተፀነሰው እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ተቀምጬ አይደለም። ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናዘዝ። በ1970 ዓ.ም. ልጅነቴን ገና አልጨረስኩም ነበር። አንድ ሌሊት ከግቢያችን ሦስተኛው ቤት መጡና የጎረቤታችንን ልጅ ወሰዱት። የእናቱን ጩኸት ሁላችንም ሰማን። አባቴ ከአልጋው ተነሳ። እናቴ ጋቢውን ጨምድዳ ይዛ «ልጆች አሉህ» አለችው። አባቴ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ኩራዙን አጠፋው። በማግሥቱ ጧት ሴትዮዋን በር ላይ አግኝተን «እንዴት አደሩ?» አልናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉን። ልጁ አልተመለሰም። የበደለን ባዕድ አልነበረም፤ ያም ሆኖ «ምን አገባኝ» የምትለዋ ቃል ስንት እንደምትመዝን ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። አባቴን አልኮንነውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ኩራዙን ማጥፋቴ አይቀርም ነበር። የናይሮቢን ሕዝብ የማደንቀው ኩራዝ ሲጠፋ አይቼ ስለማውቅ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሃሪ ቱኩ ወደ ኪስማዩ ተጋዘ፤ ኋላም በእኛ ወሰን አቅጣጫ ባለችው ማርሳቢት ሳይቀር ታስሮ ከስምንት ዓመት በላይ በግዞት ኖረ። ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ ግን ለዘብ አለ፤ ከመንግሥት ጋር ተስማማ፤ በ1952 ጫካ የገቡትን በአደባባይ አወገዘ። ሰው የሞተለት ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ያማል። ይሁንና ነገሩ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። እነዚያ ሟቾች የሞቱት ለቱኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞታቸው ከእሱ ጋር አብሮ በለዘበ ነበር። ንቅናቄው ግን ያለ እሱ ቀጠለ። «እኛ» ከተባለ በኋላ ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም።

በመካከሉ የኛም ስም ይገባበታል። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ጆሞ ኬንያታ በለንደን ይኖር ነበር። በ1935 ከካሪቢያንና ከአፍሪካ ከመጡ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ አፍሪካውያን ወዳጆች የሚል ትርጉም ያለው ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊ ሆነ። ያኔ የራሱ አገር ሰው ኪፓንዴ አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ «ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ» በሚባለው ጦር ውስጥ ያሉ ኬንያውያን ወታደሮች ኢጣሊያን ከአገራችን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ተዋግተዋል፤ ሌሎችም እስከ በርማ ዘልቀዋል። ለሰው ነፃነት ተዋግተው ቤታቸው ሲመለሱ ከጦርነት ለተመለሰ ነጭ የእርሻ መሬት ሲሰጥ፣ ለእነሱ መሬትም ድምፅም አልነበረም። የእኛን አርበኞች ስናከብር እነዚህንም ማሰብ ይገባናል።

እንግዲህ አሁን ወደሚያስቸግረው ክፍል ደረስኩ።

የሕዝቡ ማኅበራት ሲታገዱ፣ አቤቱታው መልስ ሲያጣ፣ መሬት የሌለው ሲበዛ፣ ትግሉ ወደ መሐላ ዞረ። መሐላው በኪኩዩ ዘንድ የቆየ ልማድ ነበር፤ ሰው ከሰው ጋር የሚተማመንበት። እንግሊዞች «ማው ማው» ብለው በ1950 ያገዱት እንቅስቃሴም በዚሁ መሐላ የተሳሰረ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 1952 ገዥው ኤቭሊን ቤሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። ኬንያታና አምስት ባልደረቦቹ ካፔንጉሪያ በምትባል ሩቅ ከተማ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ወጣቱ ደን ገባ።

መሐላው መጀመሪያ በፈቃድ ነበር። ሲሰፋ ግን በሌሊት ተጠርቶ «ማል፣ አለዚያ...» የተባለው ቁጥሩ ብዙ ነው። የሥነ ምግባር ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ስለ ሌላው በደል መቆም በጎ ምርጫ ነው ብለናል። ታዲያ ሰውን በጎ ምርጫ እንዲመርጥ ማስገደድ ይቻላል? ማርች 26 ቀን 1953 ሌሊት ላሪ በምትባል ቦታ ታጣቂዎች ለእንግሊዝ ታማኝ ናቸው የተባሉ ቤተሰቦችን ጎጆ በእሳት አያያዙ። ከ70 የማያንሱ ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከጀርባው ያለፈ የመሬት ቂም ነበረበት። በበቀል የተገደለው ደግሞ ከዚያ በለጠ።

እንግሊዝም ይህን ክፍተት አልሳተችም። ከኪኩዩው መካከል ከ20 ሺህ በላይ ዘብ መልምላ በወገኑ ላይ አቆመች፤ በእኛ ቋንቋ ባንዳ የምንለው ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከየጎጆው ተነቅሎ በአጥርና በጉድጓድ በተከበቡ መንደሮች ታጎረ። በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በየካምፑ ታስረው ተገረፉ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በሕግ ስም ተሰቀለ። መንግሥት ራሱ ባወጣው ቁጥር ከ11 ሺህ በላይ ታጋዮች ተገድለዋል። በማው ማው እጅ የሞቱት አፍሪካውያን ሲቪሎች ከ1,800 በላይ ሲሆኑ፣ የነጭ ሰፋሪዎቹ ቁጥር ግን 32 ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ደግሜ አነበብኩት። የጥቁርና የነጭ ጦርነት የተባለው ነገር የሚበዛው በአንድ ቤት ውስጥ የተደረገ ነው።

በሚዛን ላይ ሁለቱን ወገኖች እኩል እያስቀመጥኩ እንዳይመስልባችሁ። የሰውን አገር የነጠቀ እና የተነጠቀ እኩል አይቀመጡም። ነገር ግን ለገዥው ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው፤ «በምን ሥልጣንህ?» ማለት ይበቃል። ረጅሙ ጥያቄ ለተገዛው ነው፤ ነገ አገሩን የሚረከበው እሱ ነውና። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ በቢላዋ የተገኘ መሐላ አንድነት አይደለም። በፍርሃት የማለ ሰው ሲመቸው ከዘቡ ጋር ይሰለፋል። ከሁለቱም ወገን የተረፈውም በሩን ዘግቶ «ምን አገባኝ» ይላል። ያቺ ሟች ቃል በግዳጅ መሐላ ትንሣኤ ታገኛለች።

ዴዳን ኪማቲ፣ የደኑ ታጋዮች መሪ፣ በኦክቶበር 1956 ቆስሎ ተያዘ። ተኩሶ የመታው ጥቁር ፖሊስ፣ የገዛ ወገኑ ነበር። ከተከሰሰባቸው ነገሮች ዋናው ሽጉጥ ይዞ መገኘት ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 በናይሮቢ ካሚቲ እስር ቤት ተሰቀለ፤ ለመቃብሩም ምልክት አልተደረገለትም።

ወዳጄ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ያለ ጫካው ነፃነት ይመጣ ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም አይመጣም ነበር ወደማለቱ አደላለሁ። ደኑ እንግሊዝን ብዙ ገንዘብና ብዙ እንቅልፍ አስከፍሏታል። ሆኖም ጫካው በ1956 ተሸንፏል፤ ነፃነት የመጣው ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነው። በመካከሉ ያሉት ሰባት ዓመታት ምን ሠሩ?

በጁን 1958 ኦጊንጋ ኦዲንጋ በቅኝ ግዛቱ የሕግ ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ፣ እስር ቤት ያሉት እነ ኬንያታ ዛሬም የሕዝቡ መሪዎች ናቸው አለ። ኦዲንጋ ኪኩዩ አይደለም፣ ሉዎ ነው። ነጮቹ ጮኹበት። ከአፍሪካውያን ባልደረቦቹ መካከል ሳይቀር በንግግሩ የተደናገጡ ነበሩ። ከዚያች ቀን በፊት ማው ማው የኪኩዩ ጣጣ ነው ብሎ መቀመጥ ለሌላው ይቀለው ነበር፤ እንግሊዝም ይህንኑ ስታስተምር ኖራለች። ኦዲንጋ የሰውን እስረኛ የራሱ አደረገው። በ1922 ኪኩዩው ቱኩ የሌላውን በደል እንደ ተሸከመ፣ አሁን ሉዎው የኪኩዩውን ተሸከመ። በ1961 ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ፣ ካኑ፣ ኬንያታ ካልተፈታ መንግሥት አንመሠርትም ብሎ እስከማለት ደረሰ። በዚያው ዓመት በኦገስት ኬንያታ ተፈታ።

ነገሩ ባሕር ማዶም ተሻገረ። ማርች 3 ቀን 1959 ሆላ በሚባል ካምፕ 11 እስረኞች በዱላ ተደብድበው ሞቱ። መጀመሪያ የተሰጠው መግለጫ አሟሟታቸውን ከጠጡት ውሃ ጋር የሚያያይዝ ነበር። እውነቱ ሲወጣ በእንግሊዝ ፓርላማ ከተቃዋሚዎቹ አልፎ የገዥው ፓርቲ አባል የነበረው ኢኖክ ፓወል ሳይቀር ተነስቶ፣ በአገራችን የማንፈቅደውን በአፍሪካ ልንፈቅድ አይገባም በሚል መንፈስ ተናገረ። ይህ ሰው ኋላ ላይ በእንግሊዝ ጥቁር ስደተኞችን በመቃወም ስሙ የገነነ ነው። በዚያች ሌሊት ግን እሱም ቢሆን «ምን አገባኝ» አላለም።

እንግዲህ ለወዳጄ መልሴ ይኸው። ግፍ እምቢታን ይወልዳል። እምቢታ ንቅናቄ የሚሆነው ሰው የሌላውን በደል በፈቃዱ ሲሸከም ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለውን የኛን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ሎሚ የተባለ ብቻ አይመስለኝም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ ነበር። አላበቃም።

ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ኬንያታ ያለፈው ይረሳ አለ። ገና ከነፃነቱ በፊት፣ በ1962፣ ማው ማውን ተነቅሎ ከጠፋ በሽታ ጋር አመሳስሎ ዳግም ሊነሳ አይገባም ብሎ ነበር። ሁላችንም ታግለናል የሚል አባባልም ተለመደ። እርቅ መልካም ነው፤ ላሪን ያየ አገር በቀል ቢያወርስ ኖሮ እስከ ዛሬ በተላለቀ። ይሁንና መርሳት በእርቅ ስም ሲመጣ የሚያተርፈው ማን ነው? ከነጮቹ የተገዛው መሬት ሲከፋፈል የሚደርሰው መክፈል ለሚችል ነበር። ገንዘብ የነበረው ደግሞ በዐዋጁ ዘመን ቤቱ ያልተቃጠለበት፣ ልጁን ያስተማረ፣ ቡናውን የሸጠ ሰው ነው። ከካምፕ የወጣው ባዶ እጁን ቆሞ ተመለከተ።

ከኬንያታ ጋር በካፔንጉሪያ ከተፈረደባቸው አንዱ ቢልዳድ ካጊያ ነበር። ከነፃነት በኋላ መሬት ለሌላቸው መሬት በነፃ ይሰጣቸው እያለ ቢሟገት የረዳት ሚኒስትርነት ሥልጣኑን አጣ። በ1965 ኬንያታ ካጊያ በተወከለበት አካባቢ ሕዝብ ሰብስቦ በአደባባይ ወቀሰው። አብረውት የታሰሩትን አንድ በአንድ እየጠራ ይህን ያህል ሀብት፣ ይህን ያህል ንብረት እንዳፈሩ ቆጠረና፣ «አንተ ለራስህ ምን አደረግህ?» በሚል ዘለፈው።

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለውን ኬንያታ በራሱ ቋንቋ ተናገረው ማለት ነው። ለእኔ ከማንኛውም የጦር ሜዳ ሽንፈት ይልቅ ይህች ጥያቄ ትከብደኛለች። በ1922 በፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ለቆመው ሕዝብ «ለራስህ ምን አደረግህ?» ቢባል ምን ይመልስ ነበር? «ለራሴስ ምንም፤ እኔ የመጣሁት ስለ ታሰረው ሰው ነው።» ያ መልስ አገር አቆመ። ከዓመታት በኋላ ያው መልስ እንደ ሞኝነት ተቆጠረ። በ1969 ደግሞ ስለ ኬንያታ እስር በምክር ቤት የጮኸው ኦዲንጋ፣ በኬንያታ መንግሥት ያለ ፍርድ ታሰረ።

ይህን ስናነብ በጎረቤት ለመፍረድ አንቸኩል። እኛም ቤት ተመሳሳይ ነገር አለ። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ማለታቸው ብዙ ደም አስቀርቷል። ያም ሆኖ ባንዳው ሲሾም አርበኛው ደጅ ሲጠና አየን የሚለው ቅሬታ ከአያቶቻችን አፍ አልጠፋም፤ አምስት ዓመት በዱር የተዋጋው በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም. በዐመፅ ተከሶ በአዲስ አበባ ተሰቅሏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅርታ የተጎጂውን በደል አስታውሶ ካልሆነ፣ ለተጎጂው «ያንተ ነገር ምን አገባኝ?» ከማለት በምን ይለያል?

በኬንያ ማው ማውን ያገደው የቅኝ ግዛት ሕግ የተነሳው ነፃነት ከመጣ 40 ዓመት ቆይቶ በ2003 ነው። የኪማቲ ሐውልት በናይሮቢ በስሙ በተሰየመው መንገድ ላይ የቆመው በተሰቀለ በ50 ዓመቱ፣ በ2007 ነው። በ2009 ደግሞ በየካምፑ የተገረፉና የተኮላሹ ጥቂት አዛውንቶች የእንግሊዝን መንግሥት በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ2013 እንግሊዝ ማሠቃየቱ መፈጸሙን አምና ሐዘኗን ገለጸች፤ ለ5,228 ሰዎችም ወጪን ጨምሮ ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለች። ለእያንዳንዱ ሲካፈል ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ክሱን የመሠረቱት ሰዎች ግን ስለ ራሳቸው ብቻ አልቆሙም፤ በእነሱ መክሰስ ፍርድ ቤት ደርሰው የማያውቁ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተካሱ። በሰማንያ ዓመታቸው ሃምሳና ስልሳ ዓመት የተሸከሙትን ሸክም አውርደው፣ የባልንጀራቸውንም አብረው አወረዱ።

ስለዚህ የነፃነት ንቅናቄ ጅማሬው የት እንደሆነ ጠይቄ ስነሳ፣ ሳላስበው ፍጻሜው የት እንደሆነም አገኘሁ። ሰው የሌላውን በደል የራሴ ነው ሲል ይጀምራል፤ «ለራስህ ምን አደረግህ?» ሲባልም ያበቃል። ባንዲራው ያኔም ተሰቅሎ ሊውለበለብ ይችላል።

ከወዳጄ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት ቡና አለን። ይህን ሁሉ ዘርግፌ ስነግረው እንደ ልማዱ በሦስት ቃል እንደሚጠቀልለው አውቃለሁ። እኔ ግን በዚህ ሰሞን ሌሊት ሲጨልም የሚታወሰኝ የ1922ቱ ደጃፍ ብቻ አይደለም። ከግቢያችን ሦስተኛው ቤት ይታወሰኛል። ያቺ እናት ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ልጃቸውን በስሙ ጠርቼ «ምን ደረሰበት?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።